ከማታው ክፍል፣ እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. የጌታችን የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፈው በዋዜማው፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ 11 ሰዓት ሆኗል። አገር ቤት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ብዙዎቻችሁ አሁን ነጠላችሁን አጣፍታችሁ ቅዳሴ ቆማችኋል። እኔም ወጡን ከምድጃ አውርጄ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልወጣ ነው። ቤቱ ሁሉ ቁሌት ቁሌት ይሸታል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾመ ሰው ይህ ሽታ ምን እንደሚያደርገው ታውቁታላችሁ።

ነገ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ማታ ደግሞ ክፍል አለኝ። መጀመሪያ ልሰርዘው አስቤ ነበር። ግን አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የኛን ገና አያከብሩም። ከሥራ ወጥተው፣ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ፣ በዚህ ብርድ አውቶቡስ ጠብቀው ነው የሚመጡት። እነሱ ላይ በር ዘግቼ መቅረቱ አልሆነልኝም። ስለዚህ ነገ ድፎ ዳቦዬን ይዤ እገባለሁ።

በቅርብ ለተዋወቅን ልንገራችሁ። ሥራዬ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ ማስተማር ነው። ሰኞና ረቡዕ፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት። ፓርኪንግ የሚሠራ አለ፣ ሆቴል የምታጸዳ አለች፣ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዳ የምትንከባከብ አለች። ከኢትዮጵያ፣ ከኤልሳልቫዶር፣ ከሆንዱራስ፣ ከቬትናም፣ ከአፍጋኒስታን የመጡ ናቸው። ሁሉም «ቲቸር» ይሉኛል። ስሜን ጥሩኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩ። እዚህ አገር መምህር በስሙ ይጠራል ብዬ አስረዳሁ። ማን ሰምቶኝ! መምህርን በስም መጥራት በነሱም አገር እንደኛው ይከብዳል።

ከዚህ በፊት ደብረ ብርሃን ነበርኩ። 9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ጊዜው የፕላዝማ ዘመን ነው። በ1997 ዓ.ም. የጀመረውን፣ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣ የነበረውን ትምህርት የእኔ ዘመን ልጆች አትረሱትም። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል። ትንሽ ዝም ይላል። «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። የመለሰ ሰው ይኑር አይኑር አያውቅም። እኔም ከሱ በተረፈችኝ ጥቂት ደቂቃ እሮጥ ነበር።

ከዚያ ዘመን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ተነሳ። ስለ እናቱ ገበያ መሄድ ሊናገር ፈልጎ «ጎድ» አለ። «ዌንት»፣ ሄደች ማለቱ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ አላስቆምኳቸውም። ያ ልጅ እስከ ሰኔ ድረስ እጁን አላወጣም። አሁን ሳስበው ልጁ ትልቅ ነገር አውቆ ነበር። ያለፈ ጊዜ ሲሆን «ጎ» (መሄድ) ላይ «ኢድ» እንደሚጨመር ገብቶታል። እንግሊዝኛው ነው ሕጉን ያፈረሰበት። ይህንን በክፍሉ ፊት ብነግረው ኖሮ!

ስለዚህ እዚህ በኔ ክፍል በስህተት አይሳቅም። ሕጌ ይኸው ብቻ ነው። የኛ ሰው ከሁሉም በላይ ይህ ያስፈልገዋል። ሰዋስው ያውቃል። ቃል ያውቃል። ይሉኝታው ነው አፉን የሚይዘው። ተሳስቼ ከሚሰሙኝ ዝም ልበል ይላል። ቤይሩት 9 ዓመት ሰው ቤት የሠራች ተማሪ አለችኝ። እሷ ግን አትፈራም። ዓረብኛን ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ እየተሰደበች በጆሮዋ ነው የለመደችው። አሁንም «ፕሊዝ»ን «ብሊዝ» ትለዋለች፤ «ፐ»ን ዓረብኛው ወስዶባታል። ግን ያሰበችውን ተናግራ ነው የምትቀመጠው። ከሁሉም ቀድማ ያለፈችው እሷ ናት።

በየሳምንቱ «እንግሊዝኛ ለመቻል ስንት ወር ይፈጃል?» የምትሉኝ አላችሁ። እኔ ወሩን አላውቀውም። ይልቅ ለማን ልትነግሩበት እንደምትፈልጉ ንገሩኝና ከዚያ እንጀምር። ለምን እንዲህ እንደምል አንዲት እናት ላይ ላሳያችሁ።

እማማ ነው የምላቸው። 67 ዓመታቸው ነው። ከደሴ ልጃቸው ጋ መጥተው የልጅ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ለዜግነት ፈተናው ብለው ነው ክፍል የገቡት። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም ከ55 በላይ ሆኖ 15 ዓመት የኖረ ሰው ፈተናውን በራሱ ቋንቋ መውሰድ ይችላል። እሳቸው ገና አዲስ ናቸው። ከ3 ዓረፍተ ነገር አንዱን ማንበብ፣ ከ3 አንዱን መጻፍ አለባቸው።

አንድ ቀን ክፍሉን «ከቤታችሁ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ነገር ይዛችሁ ኑ» አልኩ። የመብራት ቢል መጣ። የትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። የፓርኪንግ ቅጣት መጣ። እማማ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ያቺን ብርቱካንማ የመድኃኒት ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የደም ግፊት ኪኒን ነው። ከላዩ «ቴክ ዋን ታብሌት ባይ ማውዝ ዋንስ ዴይሊ» ይላል፤ አንድ ኪኒን በቀን አንድ ጊዜ በአፍ ይውሰዱ ማለት ነው።

አጠገባቸው የተቀመጠችው የኤልሳልቫዶር ሴት አንገቷን አስግጋ አነበበች። «ኦንሴ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንግሊዝኛው «ዋንስ» እና የስፓኒሹ «ኦንሴ» ፊደላቸው አንድ ነው። እንግሊዝኛው አንድ ጊዜ ማለት ነው። ስፓኒሹ አስራ አንድ ማለት ነው። በቀን አስራ አንድ ኪኒን! ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን የሚያክሙ ሰዎች በደንብ የሚያውቁት አደጋ ነው። እሷ ብልቃጡን ይዛ ደጋግማ አየችው። እናቷም መድኃኒት ትወስዳለች።

«እርስዎስ እማማ፣ መቼ ነው የሚወስዱት?» አልኳቸው።

«ልጄ ፍሪጁ ላይ 8 ብላ ጽፋልኛለች። በ8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ።»

ልጅቷ 8 ብላ የጻፈችው ጠዋት ወደ ሥራ ስትሮጥ በአሜሪካ ሰዓት ነው። ለኛ 2 ሰዓት ማለት ነው። እናትየው ስንት ወር ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሲወስዱት ኖረዋል። እግዚአብሔር ይመስገን ጉዳት አላደረሰባቸውም። ነጭ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሰዓት ሣልኩ። የነሱ ቀን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፣ የኛ ከንጋት። 6 ሰዓት ይለያያሉ። ቬትናማዊው ተማሪዬ ሁለቱንም ደብተሩ ላይ ገለበጠ። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላ አንድ ሰዓት መባሉ ልክ ነው ብሎ ፈረደልን። ያን ቀን ማታ እቅዴ ላይ የነበረውን ሰዋስው አልነካሁትም።

ከዚያ ስልክ መደወል ተለማመድን። እኔ ሐኪም ሆንኩ፣ እማማ ታማሚ። «ካን ዩ ሪፒት፣ ፕሊዝ?»፣ እባክዎ ይድገሙልኝ፣ ማለት ነበረባቸው። «ካን» ይሉና ያቆማሉ። «ካን» ይሉና ዝም ይላሉ። የጠፋባቸው መስሎኝ ነበር።

«ልጄ፣ ሐኪሙን አንተ ልበለው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ቆም ብዬ አሰብኩ። ስንት ዓመት ሳስተምር «ዩ»ን አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ ብዬ ነው የተረጎምኩት። ግን እንግሊዝኛም ድሮ ሁለት ነበረው። «ዛው» የሚባል ነበር፤ ለልጅ፣ ለጓደኛ፣ ለበታች። «ዩ» መጀመሪያ ለብዙ ሰው፣ ኋላ ደግሞ ለሚከበር ሰው ሆነ። እያደር «ዛው» ከተራው ንግግር ወጣ። የቀረው የማክበሪያው ነው። አንተን ጥለው እርስዎን ይዘው ቀሩ ማለት ነው።

ይህንን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ሰዉን ሁሉ አንቱ ነው የሚሉት በይኛ!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዩ» ሲሉ አንገታቸውን ትንሽ ዝቅ ያደርጋሉ። ለጥበቃውም፣ ለአውቶቡስ ሹፌሩም፣ ለኔም። «ዩ» የሚለው ቃል እንዲህ አምሮ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ በዓሉን አላልፍም። የልጅ ልጃቸው 11 ዓመቱ ነው። አንድ ጊዜ ክሊኒክ ይዟቸው ሄዶ ያስተረጉማል። ሐኪሙ ይጠይቃል። እማማ የሚያማቸው ቦታ ለልጅ የሚነገር አልነበረም። «ደህና ነኝ በለው» አሉት። ልጁም «ሺ ኢዝ ፋይን» አለ። ወደ ቤት ተመለሱ። ሕመሙን ይዘው ወራት ቆዩ። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

እዚህ ያላችሁ፣ ይህን እወቁልኝ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ጉዳዩ አስቸኳይ ሆኖ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር ሕፃን ልጅን አስተርጉም ማለት አይፈቀድለትም። እዚሁ አጠገባችን ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፤ አማርኛ በሕጉ ትርጉም ከሚቀርብባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ለአበሻ ተማሪዎቼ መጀመሪያ የማስተምረው ዓረፍተ ነገር «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር»፣ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ የሚለው ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ መጀመሪያ የማስተምረው አማርኛ መጠየቅን ነው። አላፍርበትም። እናት ሕመሟን በገዛ ቋንቋዋ፣ ልጇ በሌለበት ትናገር። ልጅም ልጅ ሆኖ ይደግ። እናቶቻችሁን በየልጁ ትከሻ ላይ የምትልኩ፣ በፍቅር ነው የምላችሁ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር በዚህ በዓል አስተምሯቸው። ቡና ሲፈላ 10 ጊዜ ያስብሏችኋል።

ስለ ምግቡም ልንገራችሁ። በነሱ ገና ሰሞን ያቺ የኤልሳልቫዶር ሴት ታማሌ ይዛ መጣች። በቆሎ ሊጥ ውስጥ ሥጋ ገብቶ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል ነው፤ በዋዜማው እኩለ ሌሊት ላይ ይበሉታል። እኛ ጾም ላይ ነን። እማማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ኖ፣ ታንክ ዩ» አሉ። ሴትዮዋ ከፋት። ከዚያ ሁለቱ ማውራት ጀመሩ። «ኖ ሚት?» «ኖ ሚት።» «ኖ ቺዝ?» «ኖ።» «ኤግ?» «ኖ።» «ዋይ?» እማማ ወደ ላይ ጠቆሙ። እኔ ጣልቃ አልገባሁም። በሚቀጥለው ክፍል ባቄላ ብቻ ያለበት፣ በዘይት የተሠራ ሌላ ታማሌ መጣ። እማማ ባርከው በሉ። ነገ የኔ ድፎ ዳቦ ለሷ ነው መጀመሪያ የሚቆረሰው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬ ጠራ። እጄ አልተመቸኝም፣ አላነሳሁትም። ኋላ ሳየው የድምፅ መልእክት ነው። እማማ ናቸው። አማርኛ እንደምናገር ያውቃሉ፤ ሁሌም በአማርኛ ነው የምናወራው። ዛሬ ግን እንዲህ ይላሉ።

«ሄሎ፣ ቲቸር። ቱሞሮ አይ አም ኖት ካሚንግ ክላስ። ኢት ኢዝ ማይ ክሪስማስ። ዩ ካም ማይ ሃውስ። ዩ ኢት።»

ነገ ክፍል አልመጣም። ገናዬ ነው። ቤቴ ይምጡ። ይብሉ።

ከኋላ የልጅ ልጃቸው ድምፅ አይሰማም። የሚነግራቸው የለም። ብቻቸውን ነው የደወሉት። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት።

ነገ ክፍሉ 3 ሰዓት ላይ ያልቃል። ከዚያ በቀጥታ እሳቸው ቤት ነኝ። መልካም ገና ይሁንላችሁ።