የአይጥ ወጥመድ አጠባ

ዛሬ ሐዋሳ፣ ግቢያችን ውስጥ 60 የአሉሚኒየም ወጥመድ ሳጥብ ዋልኩ። ለጥናት አይጦችን በሕይወት ስንይዝ ሰንብተን ትናንት ማታ ነው ከባሌ፣ ከሐረና ጫካ የተመለስነው። አከራዬ መጥተው ቆሙ። "ልጄ፣ እኔ ጓዳ አንዷ ታስቸግረኛለች፣ አንተ አይጥ ፍለጋ ባሌ ድረስ ሄድክ?" አሉኝ። ምን ልበል?

ሐረና ጉሙ ዛፍ ውስጥ ያድራል። ሳይዘንብም ትበሰብሳለህ። አመሻሽ ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ ከአጃ ጋር እንለውሳለን (ግማሹን የበላነው እኛው ነን)። ብርድ እንዳይገድላቸው ጥጥ ጨምረን በየግንዱ ሥር እናጠምዳለን። ሊነጋጋ ሲል ሩጫ ነው። አይጥስ ትችላለች። ያቺ ሹል አፍንጫ ያላት፣ ነፍሳት የምትበላው ግን ጥቂት ሰዓት ከተራበች አለቀላት። አንድ ጠዋት አርፍደን አንዷን ደርቃ አገኘናት። መዳፌ ላይ ክብደቷ እንኳ አይሰማም። እስካሁን ትከነክነኛለች።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን "ቀይ ቀበሮ አየህ?" ብሎ ነው። ኧረ እሱ ከጫካው በላይ፣ ሰነቴ የሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ ነው፤ ከባሌ ውጪ የትም የሌለውን ትልቁን ፍልፈል እያደነ።

ለማንኛውም አንዱን ወጥመድ እትዬ ጓዳ አጥምጃለሁ። የኦቾሎኒ ቅቤው ስላለቀ በዳቦ ነው።