የእማዬ ጣት

ዛሬ ደክሞኛል። ቀኑን ሙሉ ያንን የሮቦት ጣት ስጎትት ዋልኩ። ሞተሩ ርቆ ነው የተቀመጠው። ጣቱን የሚያጥፈው በልባስ ውስጥ በሚያልፍ የሽቦ ገመድ ነው፣ ልክ እንደ ብስክሌት ፍሬን። ገመዱን በእጄ ቀስ አድርጌ ስስበው መጀመሪያ ንቅንቅ አይልም። ትንሽ ጨመር ሳደርግ ድንገት ዘለል ይላል።

ሰበቃ ነው። የገመዱ መታጠፊያዎች ተደምረው አንድ ሙሉ ዙር ከሞሉ፣ በገመዱና በልባሱ መካከል ያለው የሰበቃ ቁጥር (ኮፊሸንት) 0.1 ብቻ ቢሆን እንኳ፣ 100 ኒውተን ስቤ ጣቱ ጋ የሚደርሰው 53 ገደማ ነው። መታጠፊያውን ሰፋ ባደርገውም ያው ነው፤ የሚቆጠረው ማዕዘኑ ነውና።

ኃይሉስ ይጥፋ። ትልቅ ሞተር ይተካዋል። የሚቆጨኝ ስሜቱ ነው። ጣቱ እንቁላል ሲነካ ያቺ ትንሽ ግፊት በገመዱ ተመልሳ ሞተሩ ጋ መድረስ ነበረባት። መንገድ ላይ ትቀራለች። በገመድ ፈንታ ቱቦ ውስጥ ባለ ውሃ የሚሠራውን ጣት የወደድኩት ለዚህ ነው። እዚያ ፒስተኑ የሲሊንደሩን ግድግዳ እየፋቀ አይሄድም። በጨርቅ የተጠናከረ ስስ ጎማ እንደ ካልሲ እየተገለበጠ አብሮት ይሄዳል። ውሃም አያፈስም፣ አይንገራገጭም። ብቻ ቱቦው ውስጥ አንድ የአየር አረፋ ከቀረ ጣቱ እንደ ስፖንጅ ይልመሰመሳል።

እማዬም የቀለበት ጣቷ ታጥፎ ይቀርባት ነበር። በሌላው እጇ ስታቃናው "ቀጭ" ይላል። ሐኪሙ ጅማቱ በሚያልፍበት ሽፋን ውስጥ እየተያዘ ነው አላት። ጣት ውስጥ እኮ የሚያጥፍ ጡንቻ የለም። ዋናዎቹ ክንድ ላይ ሆነው በጅማት ነው የሚስቡት። ያኔ ይህን ሥራ አላውቀውም ነበር። አሁን ያ "ቀጭ" የሚለው ድምፅ ከጆሮዬ አይጠፋም።

ግን እማዬ በዚያው ጣት ጨርቅ ዳብሳ የተዛባ ስፌት ታገኝ ነበር። ዓይኗን እንኳ አታሳርፍበትም። ጅማቱ ቢያዝም ቆዳዋ ያውቃል።

ታዲያ እኔ ስሜትን በገመድ ለማምጣት ይህን ያህል ለምን እደክማለሁ? ጣቱ ጫፍ ላይ ዳሳሽ ብለጥፍስ? ደግሞ ጅማትም የራሱ ነርቭ አለው፤ ምን ያህል እንደተወጠረ ለአንጎል ይናገራል። እማዬ ያንን ስፌት ያገኘችው በቆዳዋ ብቻ ነበር?