ኩሽናው በር ይኑረው አይኑረው

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ መብራትም የለም፣ እኔም እንዲሁ ደብሮኛል። ቻርጄ ሳያልቅ ብዬ ያስቀመጥኳቸውን የኩሽና ፎቶዎች ሳገላብጥ ዋልኩ። ኢንዱስትሪያል ስታይል የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ያልተለሰነ ጡብ፣ እንዳለ የተተወ ኮንክሪት፣ ጣራ ስር የሚታይ ቧንቧ፣ ጥቁር የብረት መደርደሪያ፣ በሽቦ የተንጠለጠለ አምፖል። ቤቱ ሲታደስ ይሄን ነው የምፈልገው ካልኩ ቆየሁ መቼም።

ለእማዬ ሳሳያት "እና ልስኑ መቼ ነው?" አለችኝ። አለቀ እኮ ስላት ዝም ብላ አየችኝ። "አንች ልጅ፣ ብር አንሶሽ ከሆነ ንገሪኝ።"

እውነቷን ነው፣ ነገሩም የተጀመረው ገንዘብ ከሌላቸው ሰዎች ነው። ኒውዮርክ ሶሆ የሚባለው ሰፈር ፋብሪካዎቹ ሲለቁ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አርቲስቶች ባዶውን ፎቅ በርካሽ እየተከራዩ ገቡበት፣ ከተማው በሕግ የፈቀደላቸው ራሱ ቆይቶ በ1971 ነው። ቧንቧውን ማን ይሸፍነዋል ታዲያ። አሁን ግን አዘዞ ያለው በያጅ ለቱቦላሬ መደርደሪያው የጠራብኝን ዋጋ ብነግራችሁ እናንተም ልስን ትመርጣላችሁ።

ደሞ እነዛ ሰዎች ቁሌት አላቁላሉም። ጡብና ኮንክሪት እኮ ዘይት ይጠጣል፣ በደንብ ቫርኒሽ ካልተቀባ ግድግዳው በአንድ ፋሲካ ዶሮ ወጥ ይሆናል፣ ብረቱም ካልተቀባ በምጣዱ እንፋሎት ይዝጋል፣ ክፍት መደርደሪያው ላይ ያለ ብርጭቆ ሁሉ ቅባትና አቧራ ይለብሳል። ይሄን ሁሉ አውቄ ነው የወደድኩት፣ ይሁን።

የከበደኝ ሌላ ነው። ፎቶዎቹ ላይ በር የለም። ሳሎኑና ኩሽናው አንድ ነው፣ ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሽንኩርት ስትከትፊ ያይሻል።

እኛ ቤት ማጀት ከጓሮ ነበር፣ አባዬ እንኳ ደጁ ላይ ቆሞ ነው የሚጣራው። የአባዬ ዘመዶች ከደምቢያ ሲመጡ እማዬ ሳሎን ገብታ "ብሉ እንጂ በሞቴ፣ ምነው አልቀመሳችሁም" ትላለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና። ከዛ ባዶውን ሳህን ይዛ ማጀት ትገባና ከእትዬ ጋር ሆና የእያንዳንዳቸውን አበላል እያስመሰለች በሳቅ ትፈርሳለች፣ እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየላጥኩ ስንት ሚስጥር ሰምቻለሁ መሰላችሁ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ሰርግ ላይ ወጡ እንደጎረና፣ አባዬ ዛሬ ድረስ የማያውቀውን የእቁብ ብር ሳይቀር። ከዛ ሁለቱም ፊታቸውን ጠረግ አርገው ጠላውን ይዘው ይወጣሉ፣ ጨዋ!

የት/ቤት ልጆች ሆነን ፋሲል ግቢ ወስደውን የአፄ በካፋን የግብር አዳራሽ አሳይተውናል። ያን ሁሉ ግብር ያበሰሉት ሴቶች የት ቁጭ ብለው መኳንንቱን ሲያሙ እንደነበር አልጠየቅንም። ያሙ ነበር፣ በዚህ አልከራከርም።

እና እኔ የባሌ እናትና እህቶች ሲመጡ የት ልሂድ? እነሱ ሶፋው ላይ፣ እኔና እህቴ አምፖሉ ስር ቆመን እየታየን፣ ዝም ብለን ፈገግ እያልን ወጥ ልናማስል? ትናንት ለእሱ ተንሸራታች የብረት በር ብናስገባስ፣ እሱም ኢንዱስትሪያል ነው እኮ አልኩት፣ መጋዘን በር ስለሚመስል። "ምን የሚደበቅ ነገር አለ?" አለኝ። ስለ እናትህ የማወራው አለ አይባልም። ስለ ጭሱ ነው አልኩት። ጭስ ማውጫ እንገዛለን አለ። ስለ ሽታው አልኩት። መስኮት ይከፈታል አለ።

ለእህቴ ስነግራት ደግሞ "ቴክስት እንደራረጋለና" አለችኝ። ማሰሮው አጠገብ ጎን ለጎን ቆመን፣ እጃችን በርበሬ ሆኖ፣ በምናችን ነው የምንጽፈው?