ጦጣውስ ማን አለው?

ሥራዬ ባሌ ተራሮች ላይ ስለ ዱር እንስሳት ሰው ማስተማር ነው። ዛሬ ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። ቅጹ ላይ «የግንዛቤ ለውጥ በመቶኛ» የሚል ባዶ ሳጥን አለ። ከጠዋት ጀምሮ አፍጥጬበት ተቀምጫለሁ። ክረምቱ ነው መሰለኝ፣ ሁሉም ነገር ደብሮኛል። ቢሮ የምትሠራ ባልደረባዬ ደውላ «ዝም ብለህ ግምት አስቀምጥ፣ ማን ያይብሃል» አለችኝ።

የማንን ግንዛቤ ልገምት? የሀጂን?

ሀጂ የሚኖሩት ሪራ የምትባል መንደር ነው። ከሳኔቲ አምባ ቁልቁል ሲወረድ፣ ጉሙ ውስጥ፣ የሀረና ደን የሚጀምርበት። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከአውሬ ጋር ጎረቤት ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። እኛ ፖስተር ይዘንላቸው ሄድን። «ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 በታች ናቸው» ይላል። ሀጂ በጥሞና አዳመጡ። ቀጥሎ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩና ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አስተርጓሚዬ «የእኔም ላም ከእኔ ቤት በቀር በዓለም ላይ የለችም፣ ነው ያሉት» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ስብሰባው ነፍስ የዘራው የውሻ ነገር ሲነሳ ነው። ከቆላው ከብት ይዞ ደኑን አቋርጦ ወደ ደጋ ግጦሽ የሚወጣ ሰው አለ። ይህን ጉዞ ጎዳንቱ ይሉታል። ከብቱ ሲወጣ ውሻው ይከተላል። ያልተከተበ ውሻ አምባው ላይ ከቀበሮ ጋር ይገናኛል፣ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ ይወጣል። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው ብቻውን ነው፤ የሚኖረው ግን ከቤተሰቡ ጋር ነው። ማታ ሲገናኙ ይላላሳሉ፣ ይጫወታሉ። ፍቅራቸው ነው የሚገድላቸው፤ አንዱ ከታመመ ለሌላውም ይተርፋል። በ1991 እና 92፣ በ2003፣ በ2008፣ በ2014፣ ሁሉም በፈረንጆቹ፣ ባሌ ላይ ብዙ ቀበሮ በዚህ በሽታ አልቋል። ለዚህ ነው አካባቢው ላይ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች የሚከተቡት።

ሪራ ላይ ይህን ሁሉ ታሪክ መዘርዘር አላስፈለገኝም። ያበደ ውሻ የማያውቅ ሰው የለማ። አንዷ እናት ስለተነከሰች ጊደር አወሩ። አንዱ ልጁን ተሸክሞ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ያየውን መከራ ተናገረ። ስለ ቀበሮ ማንም ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ ጠዋት ግን ልጆቹ ውሻቸውን በገመድ እየጎተቱ መጡ። አንዱማ ውሻው አልሄድ ቢለው በፎጣ ጠቅልሎ፣ አዝሎት ነው የደረሰው።

አሁን ሪፖርቱን ትቼ የማስበው ይህንን ነው። ሰዎቹ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ከብቶቻቸው ብለው ውሻ አስከተቡ፣ ቀበሮው በዚያው ተጠቀመ። ይህ ትምህርት ነው ወይስ ድርድር? እኔ ድርድር ቢሆንም ደስ ይለኛል። «ብርቅዬ ነውና ውደደው» ከማለት ይሻላል። ሰው ብርቅዬ ስለተባለ ብቻ አይወድም።

እንደዚህ ሳየው ሀረና ውስጥ ሁሉም የራሱ ጠበቃ አለው። ትልቁ ዛፍ ቀፎ ተሰቅሎበታል፣ ቀፎ ያለበትን ዛፍ ደግሞ ባለቤቱ አያስነካም። ዝቅ ሲባል የጫካ ቡና ጥላ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጥላው ይቀራል። ቀበሮው ውሻ አለው።

ጦጣውስ?

የባሌ ጦጣን ማለቴ ነው። እሱም ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፣ እዚህም ቢሆን ከባሌና ከድሮው ሲዳሞ ተራሮች አይወጣም። ቀርከሃ ባለበት ከሚበላው ሦስት አራተኛው ገደማ ቀርከሃ ነው፣ ያውም ለጋ ቅጠሉ። ሪራ ደግሞ ቤቱም አጥሩም ቀርከሃ ነው። ቀርከሃው በተመናመነበት አገር ጦጣው እርሻ ይገባል፣ ከዚያ ሌባ ይባላል። ቢጠፋ የሚታመም ልጅ የለም። ቀርከሃ ላይ ቀፎ አይሰቀልም። ቱሪስቱም ሳኔቲ ላይ ቀበሮውን ፎቶ ካነሳ በቃው፣ ይመለሳል።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለቤት ሥራ የሚጠቅመው የበሰለው ቀርከሃ ነው፣ ጦጣው የሚፈልገው ለጋውን። ታዲያ ሁለቱ ምን ያጣላቸዋል? የበሰለውን እየመረጡ መቁረጥ ነው፣ አለቀ። ደስ ብሎኝ ተነስቼ ሻይ አፈላሁ። ሻዩ ሳይበርድ ሀጂ ታዩኝ። «ለጋውን ማን ይቆርጣል ልጄ? ይህን ሕፃንም ያውቀዋል» ሲሉ። እውነታቸውን ነው። የሚቆርጠው እንዴት እንደሚቆረጥ ስላላወቀ አይደለም። ቦታው ለእርሻ ሲፈለግ በሳልና ለጋ አይመረጥም። ታዲያ እኔ ምን ላስተምር ነው የምሄደው?

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን ስለ ጦጣው አስተምሬያለሁ። ትልቅ ሥዕል ሰቀልን፣ ነጭ ጺሙ ከጉንጭ እስከ አገጭ። ከኋላ አንዱ ልጅ የሆነ ነገር ጣል አደረገና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተርጓሚዬ አልተረጉምም ብሎ ድርቅ አለ። ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ ነው፣ እያፈረ የነገረኝ። «መምህሩን ይመስላል» ብሎ ነው አሉ። ጺሜን ከተላጨሁ ሰንብቼ ነበር፣ እሱም ሸብቷል። አሁን መኪናችን ስትደርስ ልጆቹ «ጦጣው መጣ!» እያሉ ይሮጣሉ፣ ደግሞ በደስታ ነው። ልላጨው ወይስ ልተወው፣ አልወሰንኩም።