ከከፍተኛ ሊግ ጀምሮ፦ ባሕር ዳር ከተማን እንዴት እንደተከተልኩ

በፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ስመ ጥር ክለብ መደገፍ ብዙ ልፋት አይጠይቅም። ውጤቱ በሬዲዮ ይነገራል፤ የተጫዋቾቹን ስም ሰው ሳይፈልገው ከሻይ ቤት ይሰማዋል። ከፕሪሚየር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው በከፍተኛ ሊግ የሚጫወት ክለብ ግን ደጋፊው ራሱ ሄዶ ካልፈለገው በቀር ወሬው እንኳ ቤት ድረስ አይመጣም። እኔ ባሕር ዳር ከተማን፣ ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ ከነማ እያልን የምንጠራውን ክለብ፣ ከልቤ መከተል የጀመርኩት በዚያ ሊግ ሳለ ነው። ዛሬ የከተማቸው ክለብ በከፍተኛ ሊግ ወይም ከእሱም በታች ባለው በአንደኛ ሊግ የሚጫወትላቸው፣ ሊደግፉት ፈልገው የት እንደሚጀምሩ ግራ የገባቸው ወጣቶች አልፎ አልፎ ይጠይቁኛል፤ የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው።

በዚያን ጊዜ በከተማችን የኳስ ወሬ ማለት በአብዛኛው የእንግሊዝ ክለቦች ወሬ ነበር። ትልቁ ስታዲየማችን ሰው አላጣም፤ ብሔራዊ ቡድናችን በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሌሴቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ በኋላም በኅዳር 2012 ዓ.ም. ኮትዲቯርን በተመሳሳይ ውጤት ሲረታ፣ ጣራም ወንበርም ያልነበረው የሲሚንቶ ደረጃ መርገጫ እስኪጠፋ ድረስ ተሞልቶ ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ ኳስ ይወዳል፤ የከተማውን ክለብ የከፍተኛ ሊግ ጨዋታ ለማየት የሚመጣው ግን ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ነበር። በእነዚያ ጨዋታዎች ላይ ደረጃው ላይ የሚቀመጠው ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ሰላምታውም የጎረቤት ሰላምታ ነበር።

ብዙ ሰው ክለብን የሚያውቀው በጨዋታ ቀን ነው። እኔ ግን ክለቤን የወደድኩት ልምምድ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መምህር ስለሆንኩ ክፍል በማይኖረኝ ረፋድ ላይ ቡድኑ ልምምድ ወደሚሠራበት ሜዳ እሄድና ከመስመሩ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። አጠገቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ከባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤታችን ነበሩ። ጋሼ ኳስ ሲያዩ ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን የሚናገሩት ነገር አለ። አንድ ቀን ግብ ጠባቂውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው፣ «ይሄ በረኛ በግራ በኩል ሲወድቅ ይዘገያል፤ አንተም እየው፣ ክብደቱን ቀድሞ ቀኝ እግሩ ላይ ያደርጋል» አሉኝ። አየሁ፤ እንዳሉትም ነበር። ከዚያ በኋላ ጨዋታን የማየው ኳሷን ብቻ እየተከተልኩ አይደለም።

ዋናው ልምምድ ካበቃ በኋላ የሚሆነውን ማየት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ወጣት የቀኝ ተከላካይ ሌሎቹ ሲበተኑ ይቀርና ከምክትል አሠልጣኙ ጋር ኳስ ማሻማት ይለማመድ ነበር። አሠልጣኙ የግቡ አፍ ላይ ቆመው እጃቸውን ያነሡና ጣቶቻቸውን ያሳዩታል፤ ልጁ ኳሱን እየገፋ መጥቶ፣ ከመምታቱ በፊት ቀና ብሎ ስንት ጣት እንደሆነ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ካልተናገረ ኳሱ የቱንም ያህል ቢያምር አይቆጠርለትም፤ እንደገና ከመስመሩ ይጀምራል። ያለማቋረጥ «ሁለት!» «አራት!» «ሦስት!» ሲል ይሰማል። በአንድ የሜዳችን ጨዋታ ላይ ይኸው ልጅ ኳስ ይዞ ወደ ማዕዘኑ ሲጠጋ ደጋፊው በሙሉ «ምታው!» እያለ ይጮኽበት ጀመር። እሱ ግን ቀና አለ፤ አየ፤ ከዚያ ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ኋላ ላካት፤ አጥቂያችንም አገባት። አጠገቤ የነበሩት ሁሉ የአጥቂውን ስም እየጠሩ ሲዘሉ እኔና ጋሼ የተከላካዩን ስም ነበር የምንጠራው። አዲስ ደጋፊ ከእኔ አንድ ነገር ብቻ ይውሰድ ብባል የምለው ይህን ነው፤ ከትኬት በፊት የልምምድ ሰዓቱን ይጠይቅ። ልምምድ ያየ ሰው ተጫዋች ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ ያውቃል፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለስድብ አይቸኩልም።

የጨዋታ ፕሮግራምን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። በታችኛው ሊግ ቀንና ሰዓት ይቀያየራል፤ ስለዚህ ከቡድን መሪው ወይም ከደጋፊዎች ማኅበር ሰዎች ጋር መተዋወቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። የከፍተኛ ሊግ ውጤቶችን ሳይታክት ሲዘግብ የቆየው ሶከር ኢትዮጵያ የተባለው ድረ ገጽም የሌሎቹን የምድባችንን ቡድኖች ሁኔታ ለማወቅ እጅግ ረድቶኛል።

አደጋገፍ የሚሠለጠንበት ሙያ ነው፤ በዚህ ላይ ሐሳቤን የሚያስለውጠኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ከበሮ መምታት የሚችል ሰው ሁሉ የደጋፊ ከበሮ መምታት አይችልም። የእኛ አስጨፋሪ ጨዋታው ከመጀመሩ ቀደም ብሎ ይመጣና ከበሮውን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ በሰኔ ዝናብ ቆዳው እርጥበት ይዞ ከላላ ድምፁ ከደረጃው ወርዶ ሜዳ አይደርስም። የከበሮው ምት ከቡድኑ አጨዋወት ጋር መሄድ አለበት፤ ቡድኑ ኳስ ይዞ ሲቀባበል ረገብ፣ ክንፍ ላይ ሲደርስ ፈጠን፣ የማዕዘን ምት ሲሆን ደግሞ ከበሮው ዝም ይልና ሽለላው ይቀጥላል። ከሁሉ የሚከብደው ግብ ሲቆጠርብን ያለው ጊዜ ነው። አስጨፋሪው ያወጣው ደንብ፣ ኳሷ ከመረብ ወጥታ መሀል ሜዳ እስክትደርስ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ጭፈራው መጀመር አለበት የሚል ነበር። ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ የሚሰሙት የመጀመሪያ ድምፅ የእኛ እንዲሆን እንጂ የተቃራኒው ቡድን ደስታ እንዳይሆን ነው። ይህን ደንብ በመጀመሪያ ስሰማ እንደ ቀላል ነገር ቆጥሬው ነበር፤ ኋላ ግን አንድ ተጫዋች ራሱ ያ ድምፅ እንዴት እንደሚያቆመው ሲነግረኝ ሰማሁ።

በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዓመት በአሠልጣኝ ጳውሎስ ጌታቸው የሚመራው ቡድናችን፣ ከደቡብ ፖሊስና ከሽረ እንዳሥላሴ ጋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደጉትን ተቀላቀለ። የባጃጁ ጥሩንባ፣ በዘንባባዎቹ ሥር የተጨፈረው ጭፈራ፣ እስከ ሐይቁ ዳር የተደረገው ሰልፍ ለብቻው ሊጻፍለት የሚገባ ነው። የጣና ሞገዶቹ የሚለው የክለባችን መጠሪያ ከዚያ በኋላ የመላው አገር ስፖርት አፍቃሪ የሚያውቀው ሆነ።

ክለብ ሲያድግ ደጋፊው ይበዛል፤ ከብዛቱ ጋር የሚመጣውን ነገር መያዝ የነባሮቹ ኃላፊነት ይሆናል። ለእኛ ትልቁ ፈተና ከጎንደሩ ፋሲል ከነማ ጋር የምናደርገው ጨዋታ ነበር። ጎንደር ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በየቤታችን የጎንደር ዘመድ አለ፤ ፉክክሩም የዚያኑ ያህል ይጋላል። እኛ ያደረግነው፣ አፄዎቹ የሚባለው የፋሲል ደጋፊዎች ሲመጡ ከማኅበራችን የተመረጡ ሰዎች መኪናቸው ከሚቆምበት ቦታ ጀምሮ እንዲቀበሏቸው፣ ምሳ አብረው እንዲበሉ፣ ቡና እንዲጠጡ፣ ወደ ስታዲየሙም አብረው እንዲገቡ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ቡና ጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ድንጋይ መወርወር ይከብዳል። ፋሲል በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ከመካከላችን ስልክ ደውለው እንኳን ደስ ያላችሁ ያሉ ብዙ ነበሩ፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ የደጋፊነትን ትርጉም እንደገና እንዳስብ አድርጎኛል። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች በየተራ እየተሰበሰቡ መካሄድ ጀመሩ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ይህ ማለት አንድ ክለብ በሜዳው ተቀብሎ፣ ከሜዳው ወጥቶ የሚጫወትበት ሥርዓት ቀረ ማለት ነው። ቡድናችን በየአገሩ ሲዞር እኛ የምናየው በስክሪን ሆነ። ቴሌቪዥኑ ተጫዋቾቻችንን ለመላው አገር አሳይቷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አባት ልጁን እጁን ይዞ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ስታዲየም የሚወስድበት ልማድ ሲቋረጥ የሚጎድለውን ነገር በሌላ መተካት ቀላል አይደለም።

እኛ ለመተካት የሞከርነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ሌላ ከተማ ያሉ የባሕር ዳር ልጆችን ፈልጎ ማግኘት ነው። ሐዋሳም ሆነ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ በንግድ ወይም በመንግሥት ሥራ የሄደ የከተማችን ሰው አይጠፋም። ስማቸውንና ስልካቸውን ይዘን፣ ቡድኑ ወደ እነሱ ከተማ ሲሄድ ማሊያና ከበሮ በሚሄድ ሰው እንልካለን፤ በስታዲየሙ አንድ ጥግ የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ከሩቅ አገር ለሄደ ቡድን ብዙ ናቸው። ሁለተኛው፣ ውድድሩ ተራው ደርሶ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ የእኛን ጨዋታ ብቻ አይተን አንመለስም ነበር። ሁሉም የሊጉ ቡድኖች ከተማችን ውስጥ ናቸው፤ ሌላ ጊዜ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የማይታየውን በአንድ ስታዲየም ማየት ይቻላል። የሌሎችን ጨዋታ በትዕግሥት ማየት የገዛ ቡድንን ለመመዘን የረዳኝን ያህል ሌላ ነገር አልረዳኝም። መሀል ሜዳችን ዘገምተኛ ነው ብዬ የማምነው ነገር፣ የሌሎቹን ካየሁ በኋላ፣ በእርግጥ ትዕግሥት እንደሆነ የተረዳሁት በዚህ መንገድ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ደግአረገ ይግዛው ሥር ቡድናችን ቅዱስ ጊዮርጊስን ተከትሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰና ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ማጣሪያ በቃ። ከከፍተኛ ሊግ ከወጣ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። የደረሰን የታንዛኒያው አዛም ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ 2 ለ 1 አሸንፈን ወደ ዳሬሰላም ስንሄድ፣ ክልላችን በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ የመልሱን ጨዋታ የተከታተልኩት አዲስ አበባ ካለው ወንድሜ ጋር በስልክ ነው። መለያ ምት ላይ ሲደረስ ወንድሜ የሚመታውን ተጫዋች ስም ይጠራልኛል፤ እኔ ደግሞ ስልኩን ከጆሮዬ ሳልነቅል ግቢው ውስጥ ለተሰበሰቡት ጎረቤቶቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግመዋለሁ። ብዙዎቹን በልምምድ ላይ ስላየኋቸው እያንዳንዱ ወደ ኳሷ እንዴት እንደሚሮጥ ዓይኔ ላይ ይመጣ ነበር። አለፍን። በቀጣዩ ዙር በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ብንሰናበትም፣ ያን ማታ በግቢያችን የነበረ ልጅ ሁሉ ባሕር ዳር በአፍሪካ መድረክ እንደሚያሸንፍ በጆሮው ሰምቷል።

የገንዘብ ጉዳይ ብዙ ደጋፊ የማይወደው ርዕስ ቢሆንም ሳልጠቅሰው አላልፍም። የአገራችን የከተማ ክለቦች በአብዛኛው የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው፤ በጀቱም በብዛት የሚሄደው ለተጫዋቾች ደመወዝ ነው። በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚጎዳው ታዳጊው ቡድን ነው። ከትኬትና ከጭፈራ ሌላ ደጋፊ በቋሚነት ሊያደርገው የሚችለው ነገር በማኅበሩ አባልነት መዋጮ መክፈልና ማሊያውን ከክለቡ መግዛት ነው። እኔ መዋጮዬን ከደመወዜ ላይ ደመወዝ በወጣ በማግስቱ እከፍላለሁ፤ ውጤት አይቼ ለመክፈል ብጠብቅ ኖሮ ክለቡ እጅግ በሚፈልገኝ ወር አልገኝም ነበር። የመዋጮው መጠን ከሻይ ወጪ የማይበልጥ ቢሆን እንኳ ያለማቋረጥ የሚገባ ገንዘብ ለታዳጊዎቹ የኳስና የጫማ ወጪ ይሸፍናል። አዲስ ለሚጀምሩም የምመክረው፣ ማሊያ ከመግዛታቸው አስቀድመው ወደ ክለባቸው ጽሕፈት ቤት ሄደው ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት እንዳለው፣ መዋጮው በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባና ደረሰኝ እንደሚሰጥ እንዲጠይቁ ነው፤ እግረ መንገዳቸውንም የታዳጊው ቡድን ልምምድ በየትኛው ቀን እንደሆነ ይጠይቁ።