ከየትኛው ማንሆል ተነሥቶ?

የፍሳሽ መስመሮችን የካሜራ ፍተሻ ውጤት በጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በሚይዝ የኮምፒውተር) ካርታ ላይ የማስፈር ኃላፊነት በተሰጠኝ ጊዜ፣ ለዓመታት በየፋይሉ ተበታትነው የቆዩት ሪፖርቶች በአንድ ካርታ ላይ ተሰብስበው ሳይ የተሰማኝ ደስታ ከፍተኛ ነበር። ከ1 እስከ 5 በሚሰጠው የጉዳት ደረጃ 5 የተሰጠው ስብራት ሁሉ በቀይ ነጥብ ይታያል፤ የጥገና ቡድኑም ነጥቡን እየተከተለ ይቆፍራል።

አንድ ቀን ጠዋት ከቁፋሮ ቦታ ተጠራሁ። ስደርስ አስፋልቱ ተነሥቶ ቱቦው ተገልጧል። ፎርማኑ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ጭቃውን በመዳፉ ጠረገና የቱቦውን ጀርባ አሳየኝ፤ አንዲት ስንጥቅ እንኳ አልነበረችበትም። «ኢንጂነር፣ ካርታው ያመለከተን ይህንኑ ቦታ ነው» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ይበልጥ የከበደኝም ይኸው ነው።

ቢሮ ተመልሼ የዚያን ቱቦ የፍተሻ ቪዲዮ ከመጀመሪያው ከፈትሁት። በመክፈቻው ምስል ላይ የተጻፈው የታችኛው ማንሆል፣ ማለትም በቱቦው የታች ጫፍ ያለው መግቢያ ጉድጓድ፣ ቁጥር ነበር። ከላይ በኩል የዛፍ ሥር መንገዱን ስለዘጋባቸው፣ ፈታሾቹ ካሜራውን ከታች አስገብተው ከፍሳሹ ፍሰት በተቃራኒ ነድተውታል። ካርታው ላይ ግን መስመሩ የተሣለው ከላይኛው ማንሆል ወደ ታችኛው በመሆኑ፣ በፍተሻው የተመዘገበው የስብራቱ ርቀት የተቆጠረው ከላይ ተነሥቶ ነው። ቱቦው 74 ሜትር ይረዝማል፤ ስብራቱ ከታች በ18 ሜትር፣ ማለትም ከላይ በ56 ሜትር ላይ ሳለ፣ እኛ ከላይ 18 ሜትር ለክተን ቆፈርን። በ38 ሜትር ስተናል ማለት ነው። የፍተሻው አቅጣጫ በሪፖርቱ ላይ በአንዲት ፊደል ተመዝግቦ ነበር፤ ሠንጠረዡን ወደ ካርታው ሳስገባ አያስፈልግም ብዬ የተውሁት ዓምድ እርሱ ነበር።

ዓምዱን መልሼ አስገባሁና ከፍሰት በተቃራኒ የተፈተሹትን ሁሉ ለይቼ፣ የተመዘገበውን ርቀት ከቱቦው ርዝመት እየቀነስሁ ነጥቦቹን አዛወርሁ። ይህ ቀላሉ ነበር። ያደከመኝ፣ ካሜራው ከማንሆል እስከ ማንሆል ሄዶ ሳለ የተጓዘውን ርቀት የሚለካው የካሜራው ኬብል ቆጣሪ ያስመዘገበው ርዝመት ከካርታው ጋር የማይገጥምባቸው መስመሮች ናቸው፤ አንዳንዱ ቆጣሪው በመነሻው ላይ ወደ ዜሮ ሳይመለስ የተለካ፣ አንዳንዱም በመካከሉ በካርታው ያልተመዘገበ ማንሆል ያለው ሆኖ ተገኘ። እነዚህን በግምት ማስተካከል ስላልፈለግሁ፣ በግራጫ ቀለም ለይቼ በቦታው እስኪረጋገጡ ድረስ ከቁፋሮ ዝርዝር አወጣኋቸው።

ስብራቱን በ56 ሜትር ላይ አገኘነው። ፎርማኑ ዛሬም የቁፋሮ ትእዛዝ ሲደርሰው አስቀድሞ ይደውልልኛል፤ ርቀቱ ከየትኛው ማንሆል እንደሚቆጠር ከነገርሁት በኋላ ሜትሩን ይዘረጋል።