ሶሻል ወርክ ለምትማሩ፦ ፊልድ ከመውጣታችሁ በፊት

ሶሻል ወርክ የደረሰው ተማሪ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ጥያቄ «ጨርሰህ ምን ልትሆን ነው?» የሚል ነው። ሐኪም ቤት፣ የወረዳ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ሴፍቲኔት፣ ማረሚያ ቤት፣ ኤንጂኦ፤ መልሱ ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ስለመጣና ማለፊያውም 50 በመቶ ስለሆነ ተማሪው ልቡን ለሞጁሉ ሰጥቷል። ሥራውን የሚያስተምረው ግን ፊልድ፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ ተመድቦ የሚሠራው የተግባር ልምምድ ነው። ፊልድን ደግሞ ብዙው ሰው አስፈርሞ የሚገላገለው ነገር አድርጎታል።

አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው እንደገና የተከፈተው፤ ያውም በማስተርስ። በመሃል አንድ ትውልድ ሙሉ ሳይሠለጥን አለፈ። ስለዚህ የምትመደቡበት ድርጅት የሚቀበላችሁ ኃላፊ ሶሻል ወርክ ያልተማረ ቢሆን አይግረማችሁ። ምን መሥራት እንዳለባችሁ ካልነገራችሁት ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ያስቀምጣችኋል። ክፋት አይደለም፤ ምን እንደሚሰጣችሁ ቢጨንቀው ነው።

መድኃኒቱ አንድ ገጽ ስምምነት ነው። ከድጋፍ ደብዳቤው ጋር ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ኬዝ፣ ማለትም የምትከታተሉት ባለጉዳይ እንደምትይዙ (ለጀማሪ 2 ወይም 3 ይበቃል)፣ ከኃላፊው ጋር በሳምንት በየትኛው ቀን ለአንድ ሰዓት እንደምትቀመጡ፣ ብቻችሁን የማትገቡበት ጉዳይ የትኛው እንደሆነ ይጻፍበት። ጥቃት የደረሰበት ልጅ፣ ራሱን አጠፋለሁ የሚል ሰው፣ ፖሊስ የያዘው ነገር፤ እነዚህ ለተማሪ ለብቻው አይሰጡም። በመጀመሪያው ሳምንት ያልተፈረመ ስምምነት በኋላ የሚፈርመው አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ማስታወሻ አጻጻፍ። አንድ ተማሪ ከቤት ለቤት ጉብኝት ተመልሶ «እናትየዋ ለልጇ ትምህርት ግድ የላትም» ብሎ ጻፈ እንበል። ይህ ፍርድ ነው። ነገ ፋይሉን የሚከፍተው ሌላ ባለሙያ ምንም አይሠራበትም። የታየውና የተሰማው ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «ልጁ ባለፈው ሳምንት ከ5 ቀን 3ቱን ቀርቷል። እናት፦ ‹ለጉሊት ዕቃ ላመጣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እወጣለሁ፤ የሚቀሰቅሰው የለም› ብላለች።» አሁን ችግሩ ልጁን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ሰው ማጣት ሆነ፤ መፍትሔው ጎረቤት ሊሆን ይችላል። አስተያየታችሁን መጻፍ ካለባችሁ ከሥር ለብቻው፣ «የእኔ ግምት» ብላችሁ ጻፉት። ማስታወሻ ደግሞ ሳይታደር ይጻፋል። ያደረ ወሬ የእናንተን ቃል እንጂ የባለጉዳዩን ቃል አይዝም።

አጠያየቅ ላይ የውጭ መጽሐፍ የማይነግራችሁ አለ። «እንዴት ነዎት?» ስትሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏችኋል፤ ሦስት ቀን ጦማቸውን ያደሩ ሰው እንኳ ይህንኑ ነው የሚሉት። እሱን ሰምቶ «በደህና ሁኔታ ላይ ይገኛሉ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አለ። ይልቅ «ትናንት ማታ ምን በላችሁ? ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለምን» የሚለውን ቃልም ቆጥቡ፤ በእኛ ቤት «ለምን» ክስ ነው። «ምን ሆኖ ነው?» ይሻላል። ሰው ቤት ሠራተኛም ብትሆን የማታውቋትን ትልቅ ሴት «አንቺ» ብላችሁ አትጀምሩ። ከዚያ በኋላ የምታገኙት መልስ «እሺ» ብቻ ነው።

ኢኮማፕ ስትሥሉ፣ ያው ቤተሰቡን መሃል ክብ ውስጥ አስገብታችሁ በዙሪያው የሚያገናኘውን ሁሉ ታስቀምጣላችሁ፤ ጠንካራው ግንኙነት በወፍራም መስመር፣ የላላው በተቆራረጠ። የመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤት ይላል። እናንተ እድር፣ እቁብ፣ የነፍስ አባት ወይም የመስጊዱ ሽማግሌ፣ አከራይ ጨምሩ። እድር ላይ ቆም በሉ። ሰው ልብስ ሳይገዛ ይከርማል እንጂ የእድር መዋጮ በቀላሉ አያቋርጥም፤ ካቋረጠ ወይ ኪሱ ባዶ ነው ወይ ከሰፈሩ ተጣልቷል። ሁለቱም ፋይል ውስጥ መግባት አለባቸው።

ተማሪ ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው በገንዘብና በተስፋ ነው። አዝኖ ከኪሱ 200 ብር ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሰውየው የሚጠብቀው ብሩን ነው፣ ወሬውም ወደ ገንዘብ ይዞራል። «እናስጨርስልዎታለን» ማለትም ያው ነው። «ጠይቄ ሐሙስ እነግርዎታለሁ» በሉ፤ ሐሙስም ባይሳካ ሄዳችሁ ንገሯቸው። መሰናበቻውንም ከ3 ሳምንት በፊት ተናገሩ። ሴሚስተር አለቀ ብሎ ድንገት የሚጠፋ ተማሪ ልጅ ላይ የሚጥለው ጠባሳ ቀላል አይደለም። ክፍል ውስጥ በምታቀርቡት ሪፖርት ደግሞ ስም ሳይሆን ኮድ ይግባ፤ ከተማው ጠባብ ነው፣ «የአራት ልጆች እናት፣ እዚህ ሰፈር» ማለት ብቻውን ስም መጥራት ነው።

ውጭ ሄዶ መቀጠል ለሚያስብ፦ አሜሪካ ውስጥ ዕውቅና ባለው ፕሮግራም በሶሻል ወርክ ባችለር የሚመረቅ ተማሪ ቢያንስ 400 ሰዓት ፊልድ ይሠራል፤ ከሌላ አገር የመጣ የሶሻል ወርክ ዲግሪንም የሚመዝን የራሱ አካል አለ። ስለዚህ የሰዓት መቆጣጠሪያችሁን ቀኑን፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ የኃላፊውን ፊርማ አስገብታችሁ በየሳምንቱ ሙሉት። ማኅተም አስመትታችሁ ኮፒውን ቤት አስቀምጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ኃላፊ እዚያ ወንበር ላይ አይገኝም።